ያልሞተ ዲናሞ አንቅበር



የሞተን መቅበር የእድራችን ተግባር ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝተን ያስቀመጥነውም ለዚሁ ነው። ያልሞተን መቅበር ግን የማንም ተግባር ሊሆን አይገባም። በየጓሯችን፣ በየሳይክል ሠሪው ደጃፍ፣ በአሮጌ ብረት ገዢው ማዳበሪያ ውስጥ «ሞቷል» ተብሎ የተጣለው የብስክሌት ዲናሞ ሁሉ በእርግጥ ሞቶ ነው ወይ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ «በፍጹም!» ነው። አብዛኛው ቆሻሻ የያዘው፣ ሽቦው የላላበት ወይም አምፖሉ የተቃጠለበት ነው እንጂ አልሞተም።

እኛ ግን ዲናሞውን ገድለን በጨለማ እንነዳለን። ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከኋላው በርበሬ ወይም በቆሎ ጭኖ፣ የሞባይሉን መብራት በጥርሱ ነክሶ የሚነዳ ሰው ያላየ ማን አለ? ሞባይል የሌለው ደግሞ «መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» ብሎ ያለ ምንም ይነዳል። እውነት ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል። በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ግን አያውቀውም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከማለዳው 11 ሰዓት ላይ መብራት በሌለው ብስክሌት ቁልቁለት ስወርድ፣ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ የነበሩ አንዲት የሰፈራችንን እናት ገጭቼ ጣልኩ። ብስክሌት እንደ ባጃጅ አይጮህም፤ መምጣቴን በምን ይወቁ?

«እማማ፣ ይማሩኝ፣ አላየሁዎትም» አልኳቸው።

«አንተስ አላየኸኝም እሺ፣ ልጄ፤ እኔ አንተን በምን ልይህ?» አሉኝ።

የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ መጋገር አልቻሉም። ምጣዱን ልጃቸው ያዘች፤ ምጣዱን ስትይዝም ከትምህርት ቤት ማርፈድ ጀመረች። ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ጨለማ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የዚያን ዕለት ማታ ዲናሞውን ፈትቼ ተቀመጥኩ። ይህ ዲናሞ ከዚያ በፊት ለአንድ ሠሪ ታይቶ፣ «ይሄማ ሞቷል፣ ጣለውና አዲስ ግዛ» ተብሎ የተፈረደበት ነበር። ሠሪው ግን አልፈተነውም፤ እኔም ፈትነው አላልኩትም። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለበዓል ብዬ ቴላዮውን አረንጓዴ ቀለም ስቀባው ዲናሞው የሚታሰርበትን ቦታም አብሬ ቀብቼው ኖሯል። ቀለሙን በምላጭ ፍቄ ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩት። ጎማውን ሳሽከረክረው በራ! አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የእማማ እጅ ግን በአምስት ደቂቃ አልዳነም።

ቀለም እንዴት መብራት ያጠፋል? የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክል ፋራዳይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጎማው የዲናሞውን ራስ ሲያዞር ውስጥ ያለው ማግኔት ይዞራል፣ ዙሪያውን ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ ደግሞ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻ መንገድም ይፈልጋል። በብዙዎቹ ብስክሌቶች ላይ ከዲናሞው ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሻው የብስክሌቱ ብረት ራሱ ነው። ስለዚህ በዲናሞውና በብረቱ መካከል፣ ወይም በመብራቱና በብረቱ መካከል ቀለም፣ ዝገት ወይም ጭቃ ከገባ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ሰው ግን ጨለማውን አይቶ «ሞተ» ይላል።

እንግዲህ «ሞቷል» ከማለታችን በፊት በቅደም ተከተል ይህን እናድርግ።

አንደኛ፣ አምፖሉን እንፈትን። የተለመደው ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 2.4 ዋቱ ለፊት አምፖል፣ 0.6 ዋቱ ለኋላ አምፖል ነው። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ አራት የባትሪ ድንጋዮችን በተርታ ብናገናኛቸው 6 ቮልት ስለሚሰጡ አምፖሉን በእነሱ መሞከር ይቻላል። ከበራ ደህና ነው። ድንጋዮቹን ግን ከራሱ ከዲናሞው ጋር አናገናኝ፤ ማግኔቱን ሊያደክሙት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ዲናሞውን ብቻውን እንፈትን። ሽቦዎቹን ሁሉ ከላዩ እንፍታ። ደህና መሆኑን ያረጋገጥነውን አምፖል በሁለት አጫጭር ሽቦ እንያዝና አንዱን ሽቦው ይታሰርበት ከነበረው ብሎን፣ ሌላውን ከዲናሞው ገላ ብረት ጋር እናገናኝ። ከዚያም ጎማውን እናሽከርክር። አምፖሉ ከበራ ዲናሞው ሕያው ነው፤ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ፈተና ሳይደረግ «ሞቷል» የሚል ቃል ከማንም አፍ አንቀበል።

ሦስተኛ፣ የመመለሻውን መንገድ እንጥረግ። ዲናሞውም ሆነ መብራቱ የሚታሰሩበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እናጥብቅ።

አራተኛ፣ ሽቦውን በጣታችን እየዳሰስን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከተል። መሪው በተጠማዘዘ ቁጥር ሽቦው ከፎርኬላው ጋር ይፋተጋል፣ ይላጣል፣ ብረት ይነካል። ብረት የነካ ሽቦ ሁለቱንም መብራት ያጠፋል። የኋላውን ሽቦ ከዲናሞው ብቻ ነቅለን ጎማውን ብናዞርና የፊተኛው ቢበራ፣ የተላጠው የኋላው ነው። በናስትሮ መጠቅለል ነው፣ አለቀ።

አምስተኛ፣ የዲናሞውን ራስ እንይ። ወደ ጎማው መሐል፣ ወደ ሞዞው ቀጥ ብሎ ካልተሰለፈ ይጎትታል፣ ጎማ ይበላል። ሞላው ከደከመ በክረምት ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ መብራቱም ይርገበገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ሁለተኛውን ፈተና ወድቆ የተገኘ ዲናሞ ካለ፣ እሺ፣ ያን ጊዜ እድሩ ይቅበረው!

አሁን ደግሞ ዘወትር የምንሰማቸውን ምክንያቶች እንመልከት።

«ዲናሞ ያከብዳል» ይባላል። መብራቱ የሚፈልገው 3 ዋት ነው። በመፋተግ የሚባክነው ተጨምሮበትም በደህና ቦታው ላይ የታሰረ ዲናሞ ከኋላችን ከምንጭነው ግማሽ ኩንታል ጋር የሚወዳደር አይደለም። በጣም ካከበደ ተጣሞ ታስሯል ማለት ነው፤ አምስተኛውን ተመልሰህ አንብብ።

«አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል» ይባላል። የኋላው አምፖል ሲቃጠል የእሱ ድርሻ ሁሉ ወደ ፊተኛው ይሄዳል። ያን ጊዜ በቁልቁለት ላይ ፊተኛውም ይከተለዋል። ስለዚህ የኋላውን በጊዜው መተካት የፊቱን ማዳን ነው። ባለ 2.5 ቮልት የእጅ ባትሪ አምፖል አስገብቶ «ተቃጠለብኝ» ማለት ግን የአምፖሉ ጥፋት አይደለም።

«ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሞላ መብራት መጥቷል፤ ዲናሞ ያረጀ ነገር ነው» ይባላል። የሚሞላ ያለው ይጠቀምበት፣ እሰየው! ጠባችን ከጨለማ ጋር ነው እንጂ ከዕቃ ጋር አይደለም። ነገር ግን መብራት በጠፋ ማታ እሱም አይሞላም፤ ዲናሞ ግን እግር እስካለ ድረስ ይሠራል። ጀርመኖች እንኳ ተራ ብስክሌት ሁሉ ዲናሞ እንዲኖረው እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ በሕግ ያስገድዱ ነበር። በባትሪ የሚሠራውን በምትኩ የፈቀዱት በዚያ ዓመት ነው። ታዲያ ያረጀው ዲናሞው ነው ወይስ የእኛ ስንፍና?

«በጨለማ ማን ይነዳል?» የሚልም አለ። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ገበያ ያመሸ፣ ማልዶ ወደ ሥራ የሚወጣ፣ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሁሉ ሳያስበው ጨለማ ውስጥ ይገኛል።

ዲናሞ አንድ ጉድለት እንዳለበት አንክድም። ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ መኖር አለበት። እሱ ከጠፋ ፓራፋንጎውን ነጭ ቀለም መቀባት ከምንም ይሻላል። ዲናሞው የሚታሰርበትን ብቻ እንደ እኔ አትቀቡ!

ሳይክል ሠሪ ወንድሞቻችንን በተመለከተ፣ እንጀራቸው እንዲዘጋ አንፈልግም። ለመፈተሻም ዋጋ ይጠይቁ፣ እንከፍላለን። ነገር ግን ያልፈተኑትን ዕቃ «ሞቷል» ብለው ደሃውን አዲስ ግዛ ሲሉት፣ ደሃው አዲስ አይገዛም፤ በጨለማ ይነዳል። የዚያን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ መንገድ ላይ ያለው እግረኛ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለእድራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን አንዲት ትንሽ ሳጥን ትቀመጥ። በውስጧም ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት አጭር ሽቦና አንድ ደህና አምፖል ይኑርባት። ድንኳን ለቀብር ከተዋስን፣ ቀብር ለማስቀረት ሳጥን መዋስ ምን ይከብዳል? ሁለተኛው፣ ወርኃዊ መዋጮ ልንከፍል ስንመጣ ብስክሌት ያለን ሁላችን ብስክሌታችንን ይዘን እንምጣ። የኋላ ጎማ በእጅ ተዟዙሮ መብራቱ ይታይ። የማይበራለት ካለ አንቀጣውም፤ ሳጥኗን እንሰጠውና አብረነው እንቀመጣለን። የመጀመሪያዋን ሳጥን ወጪ እኔ እችላለሁ። ዕዳ አለብኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱን የሰላም የሚያደርገው ግን ስሙ አይደለም፤ በላዩ የምንሄድበት ሰዎች ነን። እማማ ዛሬም በማለዳ ለኪዳን ይወጣሉ። ስናልፍ እንዲያዩን እናድርግ።

ከእድሩ አባላት አንዱ