ሳርን ማጨድ ብቻ ሳይሆን መትከልም ይገባናል

በቋንቋችን «ሳር ቅጠሉ» ሲባል ትልቅ ትንሹ ሳይለይ ሁሉም ማለት ነው። ሳር እንዲህ ባለ አነጋገር ውስጥ የገባው፣ ማንም ሳይተክለው በየሜዳው የሚበቅል ተራ ነገር መስሎ ስለሚታይ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ለሳር ያለን ግምትና ከሳር የምናገኘው ጥቅም አይመጣጠኑም። የጎጆው ክዳን ሳር ነው። እንጀራው የሚቀርብበት መሶብ የሚሰፋው ከሳር ነው። የእንጀራው እህል ጤፍ ራሱ ከሳር ወገን የተቆጠረ ተክል ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የሚያገለግለንን ተክል ስናጭደውና ስንነቅለው እንጂ ስንተክለው አለመታየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት አጭር ነው። ጠንካሮቹን የአገራችንን ሳሮች በቤታችን ግቢ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር፣ ቦታ ከጠበበም በማሰሮና በጣሳ ልንተክላቸው ይገባል የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ምክንያት፣ ዘወትር የሚታጨድና ማንም የማይተካው ነገር ማለቁ የማይቀር መሆኑ ነው። ለስፌት የሚሆኑት ስንደዶና አክርማ የሚገኙት ከማሳ ድንበር፣ ከግጦሽ ሜዳና ከመንገድ ዳር ነው። ድንበሩ ሲታረስና ሜዳው ቤት ሲሠራበት ሳሩም አብሮ ይጠፋል። በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘው ቄጠማም የሚበቅለው በረግረግ ነው፤ ረግረጉ ሲደርቅ ቄጠማው ይርቃል። በከተማ በአንዳንድ ቤት ከረከቦቱ ሥር የፕላስቲክ ሳር ተነጥፎ የምናየውም ስለዚህ ነው። የፕላስቲኩ ሳር አረንጓዴ መልክ አለው፤ የእርጥብ ሳር ሽታ ግን የለውም። ልማዱ ስሙን ይዞ ነፍሱን እያጣ መሆኑን ልብ በሉ።

ሳርን ጠብቆ ማቆየት ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ የሚባለው ሳር የሚበቅልበት ሰፊ ስፍራ አለ። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት እየዘጋ፣ ሳሩ ሲደርስ በስምምነት እየከፈተ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደው ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ሜዳውን አትርፎታል። በዚያ ሳር መካከል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም ይኖራሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ሳር የሚቆየው ባለቤት ሲኖረው መሆኑን ነው። መንዝ በሜዳው ያደረገውን እያንዳንዳችን በግቢያችን በትንሹ ልናደርገው እንችላለን።

ሁለተኛው ምክንያት የሳር ብርታት ነው። ብዙዎቹ ተክሎች ወደ ላይ የሚያድጉት ከጫፋቸው በመሆኑ፣ ጫፋቸው ሲቆረጥ ዕድገታቸው ይሰናከላል። የሳር ማደጊያ ግን ከመሬቱ አጠገብ፣ ከሥሩ በላይ ተሸሽጎ ይገኛል። ስለዚህ ከብት ቢግጠው፣ ማጭድ ቢቆርጠው፣ ውርጭም ቅጠሉን ቢያደርቀው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሮቹም እንደ ጥቅጥቅ ያለ ጭራ ሆነው አፈሩን ይይዛሉ። ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ቬቲቨር የተባለው ሳር ሥሩ እስከ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ መሬት ሊዘልቅ ይችላል። በክረምት ጎርፍ አፈሩ የሚሸረሸር ግቢ ካላችሁ፣ በቁልቁለቱ ላይ ተጠጋግቶ በአግድም የተተከለ ሳር ውሃውን እያዘገየ አፈሩን ያስቀርላችኋል።

ሦስተኛው ምክንያት ውበት ነው። ጥቂቶች «ሳር ምን ውበት አለው?» ይሉ ይሆናል። በጀርመን አገር፣ በፖትስዳም፣ ችግኝ እያፈላ ይሸጥ የነበረው ካርል ፎርስተር (እ.ኤ.አ. 1874–1970) ሳርን ለጌጥ እንዲተክሉ የአገሩን ሰዎች ዕድሜውን ሁሉ ሲመክር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1957ም ስለ ሳሮችና ስለ ፈርኖች መጽሐፍ አሳትሟል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ አውሮፓውያን ለጌጥ ከሚተክሏቸው ሳሮች አንዱ፣ ነጭ ላባ የመሰለ ዘለላ የሚያወጣው የስንደዶ የቅርብ ዘመድ፣ የተፈጥሮ መኖሪያው ኢትዮጵያን ጨምሮ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። እነርሱ የእኛን ሳር በማሰሮ ተክለው ሲያደንቁ፣ እኛ ብዙ ውሃ የሚጠጣ የውጭ አበባ ፍለጋ እንደክማለን። ያው ሳር ግን በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ከአትክልት ቦታ አምልጦ አስቸጋሪ አረም ሆኗል። ተክል በገዛ አገሩ ሲተከል ጌጥ፣ በሰው አገር ሲለቀቅ አንዳንዴ ጠላት እንደሚሆን ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በዚህ አስተያየት ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አንደኛው፣ መሬት በጠበበበት ዘመን ለሳር ቦታ መስጠት ብክነት ነው የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው። ሳሩ የሚፈልገው ጎመንና ድንች የሚተከልበትን መደብ ሳይሆን የአጥሩን ጥግ፣ የቦዩን ዳር፣ የደረጃውን ግራና ቀኝ ነው። ሁለተኛው፣ ሳር እባብ ይሸሽጋል የሚል ነው። ይህ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስፈራው ያልተገረዘ ጫካ እንጂ፣ ከበር ራቅ ብሎ የተተከለና በየዓመቱ የሚታጨድ ጉንጉን ሳር አይደለም። ሦስተኛው፣ ከብት ይጨርሰዋል የሚል ነው። አክርማ ግን ቅጠሉ ጠንካራ በመሆኑ ከብት እምብዛም አይመርጠውም።

እንግዲህ አተካከሉ እንዴት ነው? ጊዜው ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። በደንብ ካደገ ጉንጉን ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሥርና ቡቃያ ያለው አንድ ክፋይ ብቻ ውሰዱ፤ የቀረውን በቦታው ተዉት። ጥብቅ ከሆነ ስፍራ ግን ምንም አትንቀሉ። የክፋዩን ቅጠል አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ እንዲህ ሲሆን ሥሩ እስኪይዝ እርጥበቱ አያልቅበትም። በዕቃ ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ፣ አፉ የተሰበረ ማሰሮም ሆነ አሮጌ ባልዲ ይበቃችኋል፤ ከሥሩ ውሃ የሚያወጡ ቀዳዳዎች ይኑሩት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። ፍግ አታብዙ፤ የጠገበ ሳር ይለሰልስና ይወድቃል። የደረቀውን ቅጠል ከዝናብ በፊት፣ በግንቦት፣ ከመሬት አንድ ጋት አስቀርታችሁ እጨዱ። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ የጉንጉኑ መካከል መድረቅ ሲጀምር ነቅላችሁ ከፋፍሉት፤ የተረፈውን ለጎረቤት ስጡ።

ሁሉም ሳር ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ለሻይ የሚሆነው ጠጅ ሳር ውርጭ አይወድም፤ ስለዚህ ብርድ በሚጠናበት ደጋ በማሰሮ ተክሎ ሌሊት ሌሊት ከቤት ጥግ ማስጠጋት ይሻላል። ቄጠማ ሳር ይባል እንጂ ከሳር ቤተሰብ አይደለም፤ አገዳውን ቆርጣችሁ ብትመለከቱት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ነው። እርሱ ዘወትር እርጥበት ስለሚሻ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ሊተከል ይችላል፤ ነገር ግን የወባ ትንኝ እንዳይራባ አፈሩ ይራስ እንጂ ውሃ አይቋጥርበት።

ተማሪዎች ሆይ! ሳር ለመትከል ገንዘብም ሆነ ሰፊ መሬት አያስፈልጋችሁም። ዘንድሮ ክረምት አንድ ክፋይ ስንደዶ ወይም አክርማ የተከለ ተማሪ፣ ጥቂት ዓመታት ታግሦ ሲያበዛው እናቱ ወይም አያቱ ለስፌት የምትፈልገውን ከገዛ አጥሩ ሥር ሊያቀርብላት ይችላል። መሶቡን እንደ ቅርስ የምናከብር ከሆነ፣ መሶቡ የተሰፋበትን ሳር ማክበር የእኛ ፈንታ ነው።