ስም መሸምደድ ፊዚክስ አይደለም

የመሠረታዊ ቅንጣቶች ፊዚክስ መግቢያ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በስም ዝርዝር ነው፤ ስድስት ኳርክ፣ ስድስት ሌፕተን። እኛም እንደ ዳዊት ደግመን ለፈተና እናቀርበዋለን። ከፈተናው በኋላስ ምን ይቀርልናል?

እኔ የምለው፣ በሙዮን ይጀመር ነው። አሜሪካውያኑ አንደርሰንና ኔደርማየር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ያገኙት ከሰማይ በሚወርደው ጨረር ውስጥ ነው። ዕድሜው በአማካይ የአንድ ሰከንድ 2.2 ሚሊዮንኛ ብቻ ስለሆነ፣ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ 660 ሜትር ያህል ሄዶ መጥፋት ነበረበት። ዳሩ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ይኸው በመዳፋችን ያልፋል! አንስታይን እንዳስተማረው፣ እጅግ ለሚፈጥን ነገር ጊዜ ይዘገያልና።

ዱካውንም በአልኮልና በደረቅ በረዶ በሚሠራ የመስታወት ሣጥን ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። እንግዲህ መምህራኖቻችንን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ፦ አስቀድማችሁ አሳዩን፤ ስሙን ኋላ ንገሩን።