የተቀደደውን ሽፋን ለታካሚው ንገሩት

በአንዋር መስጊድ ዙሪያና በመላው መርካቶ ለምትሠሩ የጥርስ ሐኪሞች



ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሀጂ የምንላቸው አንድ አዛውንት የጨርቅ ነጋዴ ግራ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ክፍሌ ገቡ። «ልጄ፣ ለውዱእ ስጉመጠመጥ ውሃው በአፍንጫዬ ይወጣል» አሉኝ። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ይወርዳቸዋል፤ ሲያጎነብሱ ፊታቸው ይከብዳቸዋል። ከአምስት ሳምንት በፊት ሌላ ክሊኒክ ሄደው የላይኛው መንጋጋቸው ላይ ለኢምፕላንት፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ አጥንት አስጨምረው ነበር። የተጨመረላቸው ምን እንደሆነ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል የተባለው ሥራ ለምን ሦስት ሰዓት እንደፈጀ የነገራቸው የለም። በእጃቸው የነበረው የመድኃኒት ማዘዣና የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ያ ክሊኒክ የሳይነሱን ሽፋን ስለቀደደ አይደለም። ሽፋን እኔም ቀድጃለሁ። የምወቅሰው ከተቀደደ በኋላ የምንሠራውን ነው።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሐኪም ያልሆነም ያነበዋልና ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ከወለቁ ሲቆይ ከበላያቸው ያለው ሳይነስ የሚባል አየር የያዘ ክፍተት ወደ ታች ይሰፋል፤ አጥንቱም ይሳሳል። ኢምፕላንት ለመሸከም የማይበቃ አጥንት ብቻ ሲቀር በጉንጭ በኩል ትንሽ መስኮት እንከፍታለን፣ የሳይነሱን የውስጥ ሽፋን ቀስ አድርገን ወደ ላይ እናነሳለን፣ ከሥሩ የአጥንት ዱቄት እንሞላለን። ዘዴውን አሜሪካዊው ሂልት ቴተም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስተዋወቀው፤ ሐኪሞቹ ቦይንና ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1980 በጽሑፍ አወጡት። የጤነኛ ሽፋን ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ተማሪዎች የሚለማመዱት በጥሬ እንቁላል ነው፤ ቅርፊቱን ሞርደው የውስጡን ስስ ቆዳ ሳይቀድዱ ማላቀቅ አለባቸው። ስለዚህ በሰውም ላይ ይቀደዳል። በብዙ ጥናቶች ከመቶ 20 አካባቢ ነው፤ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያገኙም አሉ። ይህን ቁጥር መቀመጫችን ላይ የተኛው ሰው ሳያውቀው ነው የምንጀምረው።

ሲቀደድ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም ተምረናል። እጅን ማቆም፣ ቀዳዳው አጠገብ አለመጎተት፣ ከራቀው ጥግ ጀምሮ ሽፋኑን ማላላት። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ በኮላጅን ሽፋን ይሸፈናል። ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ዱቄቱን ሳይሞሉ ሰፍቶ መተውና ወራት ጠብቆ እንደገና መግባት ነው። የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፣ ቀብድ ከፍሏል። በውድ የተገዛው የአጥንት ብልቃጥ ተከፍቷል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ደግሞ ለሌላ ሰው አይሆንም። እናም ዱቄቱ በተቀደደ ሽፋን ሥር ይሞላል። ፍሬዎቹ ወደ ሳይነሱ ይገባሉ፣ ሳይነሱ ወደ አፍንጫ የሚፈስበትን ጠባብ መውጫ ይዘጋሉ፣ መግል ይቋጠራል። ሀጂ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መፍትሔው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ንግግር ውስጥ አለ። «ሽፋኑ በሰፊው ከተቀደደ አቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ክፍያው ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ የተስማማ ሐኪም ለማቆም አይቸገርም። ሲቲ ሳያነሱ በፓኖራማ ራጅ ብቻ መግባትም ይቅር። ሳይነሱን የሚከፍል የውስጥ ግድግዳ ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ሽፋኑ በብዛት የሚቀደደውም እዚያ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚያልፈውን የደም ሥርም ብዙ ጊዜ ሲቲው ያሳያል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ኢምፕላንት ወደ ሳይነስ ከገባ «ዝም ብሎ ይቀመጣል» ብላችሁ ታካሚውን አትሸኙ። የዚያኑ ዕለት ወደ መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ወይም ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ላኩ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ለታካሚ የምንሰጠው የጥንቃቄ ወረቀት ነው። ከውጭ የተገለበጠ ነው፤ በስትሮ አትጠጡ፣ አውሮፕላን አትሳፈሩ፣ አትናፈጡ ይላል። የዚህ ሰፈር ሰው በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል፤ ውሃ በአፍንጫው ስቦ ያወጣል። ሱጁድ ሲወርድ ጭንቅላቱ ከልቡ በታች ይሆናል። የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም በጾም ወራት ይሰግዳል። ሀጂ «አትናፈጡ» የተባሉት ጉንፋን ሲይዛቸው መስሏቸው ነበር፤ ስለ ውዱእ አንድ ቃል የተነፈሰላቸው የለም። «ለጥቂት ሳምንት ውሃ ወደ አፍንጫ አይሳቡ፣ ሲያስነጥሱ አፍዎን ይክፈቱ፣ ስለ ሱጁዱም ኢማሙን ይጠይቁ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዲኑ ለታመመ ሰው ማቅለያ አለው፤ ማቅለያውን የሚጠይቀው ግን መታመሙን የነገሩት ሰው ነው። በረመዳን ቀን በየስምንት ሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት የምናዝም አለን። ሊዘገይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ከኢድ በኋላ ቢሆን ምን ይጎድላል?

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በብዛት የምንጠቀምበት የአጥንት ዱቄት ከከብት የተሠራ ነው። ገበያ ላይ ካሉት የኮላጅን ሽፋኖች ብዙዎቹ ግን ከአሳማ የተሠሩ ናቸው። አሳማን ሙስሊሙም ሆነ ኦርቶዶክሱ እንደማይበላው እያወቅን፣ ቀዳዳውን ለመሸፈን በተጣደፍንባት ደቂቃ ሳንጠይቅ ሰውነቱ ውስጥ እናስቀምጣለን። አማራጭ አለ፤ ከከብት የተሠራ ኮላጅን አለ፣ ከታካሚው ከራሱ ደም ተዘጋጅቶ የሚወጣ ፋይብሪን አለ። ሀጂ አዋቂ ጠይቀው፣ ለሕክምና ነው ብለው ሊቀበሉትም ይችሉ ነበር። ውሳኔው የእሳቸው ነበር፤ እኛ ወሰድንባቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299ም ቢሆን ታካሚ አውቆ እንዲስማማ አዝዟል። ያልተነገረውን ሰው አስፈርመን ተስማምቷል ልንል አንችልም።

«ከነገርነው ወሬው በአንድ ቀን መርካቶን ያዳርሳል፣ ታካሚው ጎረቤት ክሊኒክ ይሄዳል» የሚለኝ ባልደረባ አለ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ሀጂ ራሳቸው እንከን ያለበትን ጣቃ ለገዢ ዘርግተው ሳያሳዩ አይሸጡም፤ ዲናቸው ግድ ይላቸዋል፣ ደንበኞቻቸውም ለዓመታት አልለቀቋቸውም። እኛ የሰው አካል ይዘን ከእሳቸው ያነሰ ልንሠራ አይገባም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሽፋኑ ሲቀደድ የቀዳዳውን ስፋት፣ ቦታውንና በምን እንደሸፈናችሁት ካርዱ ላይ ጻፉ። ከዱቄቱና ከሽፋኑ ማሸጊያ ላይ ያለውን ተለጣፊ ካርዱ ላይ ለጥፉ፤ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ለታካሚው ስጡት። ከመቀመጫው ሳይነሳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስልጥኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ከአንድ ወገን የሚሸት ንፍጥ ከመጣ ሳይዘገይ እንዲመለስ ስልካችሁን ስጡት።

ሀጂን ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ዱቄቱ በሙሉ ተጠርጎ ወጣ፣ ቀዳዳውም ተዘጋ፤ ያወጡት ገንዘብ ግን ባክኖ ቀረ። ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ «ያኔውኑ ቢነግሩኝ እታገስ ነበር» አሉኝ።

በዚህ ዓመት ሽፋኑ ተቀዶባችሁ ሳትነግሩት የሸኛችሁት ሰው ካለ፣ ስልኩ ካርዱ ላይ አለ። እባካችሁ ደውሉለት።

አክባሪያችሁ፣
በመርካቶ የጥርስ ሐኪም