ፍሬን የሚነካ እጅ በደንብ ይሰልጥን

በየዓመቱ ከማኅበረሰባችን ልጆች ጥቂቶቹ ጋራዥ ይገባሉ። አንዳንዱ የዕረፍቱን ወራት ለመጠቀም፣ አንዳንዱ ቤተሰቡን ለመርዳት፣ አንዳንዱም ከልቡ መኪና ስለሚወድ ነው። ወላጅ «እጁ ላይ ሙያ ይኑር» ይላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እዚህ ጂቡቲ በመካኒክነት ቤት ያቆሙ፣ ልጆች ያስተማሩ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቻቸውን የጦሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ሙያው ክቡር ነው። ጥያቄዬ አለማመዱ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ ወላጅም፣ ረጅም ዓመት ጋራዥ ውስጥ እንደ ሠራ ሰውም ነው። ሐሳቤን በአጭሩ ልበለው፦ መሪ፣ ባሌስትራና ፍሬን በማየትና በመገመት ብቻ የሚለመዱ ሥራዎች መሆናቸው ይብቃ። ለማጁ እነዚህን ሦስቱን በሥርዓት ይማር። ከሁሉም በላይ «ይህ መኪና አይወጣም» ለማለት የሚያስችል ዕውቀትም መብትም ይኑረው።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚመለከተን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፔካ 12 ወጥቶ ወደ ወደብ የሚገቡትንና ከወደብ የሚወጡትን ከባድ መኪኖች ማየት ይበቃል። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ያልፋል። በጋላፊ በኩል እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ዳገት የወጣ መኪና ደግሞ ተመልሶ ቁልቁል ይወርዳል። እነዚያን መኪኖች የሚነዱት አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው መኪናም ቢሆን አንድ ለማጅ ያሰረው ፍሬን ሊኖረው ይችላል።

አሁን በአብዛኛው ጋራዥ ለማጅ የሚማረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ያጥባል፣ ቁልፍ ያቀብላል፣ ጎማ ይፈታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ የፍሬን ሸራ መቀየርና ቴስቲና መፍታት ይሰጠዋል። ሞተርና ካምቢዮ ግን «ገና ነህ» ተብሎ ይከለከላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሞተር ውስብስብና ውድ ነው፣ ፍሬን ግን ቀላል ይመስላል። ጥቂት ቡሎን ፈትቶ፣ አሮጌውን አውጥቶ፣ አዲሱን አስገብቶ ማሰር ነው።

እኔ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ሞተር ሲበላሽ በአብዛኛው መኪናው ይቆማል፤ ባለቤቱ ይበሳጫል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ ያበቃል። ፍሬን ሲበላሽ ግን መኪናው አይቆምም። መሪ ሲለቅ መኪናው የሚሄደው ሾፌሩ ወደ ፈለገው ሳይሆን ወደ መራው ነው። ታዲያ ስሕተት ሰው የሚገድልበት ሥራ ላይ ያልሰለጠነ እጅ አስቀድመን፣ ስሕተት ገንዘብ የሚያስወጣበት ላይ የሰለጠነውን እጅ ማቆየታችን ምን ይሉታል?

ፍሬን ቀላል የሚመስለው ዋናው ነገሩ በዓይን ስለማይታይ ነው። የፍሬን ዘይትን እንውሰድ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መለኪያ ግን 140 ዲግሪ ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። እንደኛ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ባለበት ከተማ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይይዝም። ለማጁ ሸራውን በትክክል አስሮ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን ግን ማንም አልነገረውም።

ተማሪዎች እዚህ ላይ የፊዚክስ ደብተራችሁን አስታውሱ። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደንብ የያዘ ፍሬን በ80 ላይ እንደዚያው ይይዛል ማለት አይደለም። በጋራዡ ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር ነድቶ «ይይዛል» ማለት ፈተና አይሆንም። በክፍል ውስጥ የምትማሩት የፓስካል ሕግም ቢሆን ፔዳሉን ስትረግጡ ግፊቱ ወደ አራቱም ጎማ እንዴት እንደሚደርስ ይነግራችኋል። ይህን የገባው ለማጅ በቧንቧው ውስጥ የቀረ ትንሽ አየር ለምን እንደሚያሳስበው አይጠይቅም።

ሌሎቹም ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ። ሸራ ከተቀየረ በኋላ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንና መኪናው ከፊት ያለውን ግድግዳ ወይም ሰው ይገፋል። የቴስቲና ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፈው ኮፒሊያ አንዴ ከወጣ በአዲስ መተካት አለበት። የሞተር ዘይት ፍሬን ዘይት መያዣ ውስጥ ከገባ ጎማዎቹን አሳብጦ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። እነዚህን ለማወቅ ዓመት አይፈጅም፤ ግን የሚነግር ሰው ይፈልጋል።

መሪና ባሌስትራም ያው ናቸው። ብዙ ሰው አሞርዛተር ለምቾት ብቻ ይመስለዋል። አሞርዛተር ሲያልቅ ጎማው መንገዱን በደንብ አይጨብጥም፤ መሬት ያልጨበጠ ጎማ ደግሞ ፍሬኑ ቢይዝም ይንሸራተታል። ለማጅ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥቶ፣ ከታች በብረት ደግፎ፣ ጎማውን መጀመሪያ ከላይና ከታች፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ይማር። ከላይና ከታች ሲያዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታውን ወይም ጎማውን ከባሌስትራ ወይም ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ይጠርጥር። ከግራና ከቀኝ ሲያዝ ከሆነ ቴስቲናውንና የመሪውን ዘንጎች ይመልከት። ይህን የተማረ ልጅ ሳይፈታ ያውቃል። ያልተማረ ልጅ ግን ሁሉንም ፈትቶ፣ ዕቃ እየቀያየረ ሲገምት ይውላል፤ ሒሳቡንም ባለመኪናው ይከፍላል።

የለማጁን የራሱን ሕይወት አንርሳ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል መሆኑ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መሆን ነበረበት። የፍሬን አቧራን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። አቧራውን በውኃ አርጥቦ መጥረግ ይቻላል። በአየር ፍሬን በሚሠሩ ከባድ መኪኖች ላይ ደግሞ የማቆሚያ ፍሬኑን የሚይዘው ክፍል ውስጥ እጅግ ጠንካራ የታመቀ ስፕሪንግ አለ። ያለ ዕውቀት የከፈተው ሰው ላይ ተፈናጥሮ ሊገድል ይችላል። ይህን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳይነግሩ «ፍታው» ማለት ምን ስም ይሰጠዋል?

ነባር መካኒኮች የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ። «እኛ ማን አስተማረን? እያየን ተማርን፤ ስንሳሳት በቁልፍ እየተመታን ለመድን። ደንበኛው ይቸኩላል፣ ገንዘብም የለውም። ለትምህርት ጊዜ የለም» ይላሉ። ይህ ከንቱ ንግግር አይደለም። እያዩ የለመዱት እነዚህ ሰዎች መሣሪያ በሌለበት፣ መጽሐፍ በሌለበት ድንቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በእጃቸው ያለው ዕውቀት በማንም ትምህርት ቤት አይገኝም። ነገር ግን እያየ የተማረ ሰው የመምህሩን ጥሩ ልማድም መጥፎ ልማድም አንድ ላይ ይወርሳል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚለይበት የለውም። ስለ ጊዜም ቢሆን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በችኮላ የታሰረ ፍሬን ተመልሶ ጋራዥ ይመጣል፤ ያውም ከመጣ ነው።

የምጠይቀው ጋራዡ ኮሌጅ ይሁን ብዬ አይደለም። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ዝርዝር፦ ፍሬን ከታሰረ በኋላ ምን ምን እንደሚታይ፣ በተራ የተጻፈ። ሁለተኛ፣ ለማጅ የሠራውን ፍሬንና መሪ ከመውጣቱ በፊት ዋናው መካኒክ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ማረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ለማጁ የት እንደ ደረሰ የሚመዘገብበት ደብተር፤ ምን አየ፣ ምን ከሰው ጋር ሠራ፣ ምን ብቻውን መሥራት ይችላል።

ደብተሩ ለነገም ይጠቅመዋል። ኬንያ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ጋራዥ የለመደ መካኒክ የመንግሥት የሙያ ፈተና ወስዶ ከደረጃ 3 ጀምሮ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት አሠራር ከቆየ ዓመታት አልፏል። በኢትዮጵያም የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ልጃችን ነገ አገር ቤት ቢመለስ ወይም ሌላ አገር ቢሄድ «አውቃለሁ» ብሎ ብቻ ሳይሆን የሚያሳየው ይዞ ይቀርባል።

ትምህርት ቤታችን እዚህ ውስጥ ሥራ አለው። በጋራዥ የምንናገረውን ቋንቋ ልብ በሉ። ባሌስትራ፣ ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በዚህ አገር ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ግን በፈረንሳይኛ ይጠራቸዋል፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ለማጁ አንዱን ዕቃ በሦስት ስም መካከል ያጣዋል፤ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ መምጣቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስቱንም ቋንቋ የሚያነቡት ደግሞ ተማሪዎቻችን ናቸው። የመሪ፣ የባሌስትራና የፍሬን ዕቃዎችን ከነሥዕላቸው፣ በሦስቱ ቋንቋ ስማቸው ጎን ለጎን የተጻፈበት አንድ ትንሽ መጽሐፍ በአንድ የትምህርት ዓመት ማዘጋጀት ይቻላል። የፊዚክስ መምህራን ይምሩት፣ መካኒክ ወላጆች ያርሙት፣ ተማሪዎች ይሣሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕውቀቱም ዝርዝሩም ኖሮ ለማጁ አፉን መክፈት ካልቻለ ዋጋ የላቸውም። ደንበኛው «ለዛሬ ብቻ አስተካክልልኝ፣ ነገ ዕቃ ገዝቼ እመጣለሁ» ይላል። ዋናው መካኒክ ምሳ ሄዷል። ልጁ ቴስቲናው ልል መሆኑን አይቷል፤ ግን ማን ይሰማዋል? ከትልቅ ሰው ፊት መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ዝም ይላል። አክብሮት ጥሩ ነው፤ አክብሮትና ዝምታ ግን አንድ አይደሉም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቴስቲናው ልል ነው፤ ይህ መኪና አይወጣም» ማለት ከአክብሮት ሁሉ የበለጠ አክብሮት ነው፤ የሾፌሩን ሕይወት ማክበር ነውና።

ይህን ማለት እንዲችል ከኋላው ሰው መቆም አለበት። የጋራዥ ባለቤቶች፣ ልጁ እምቢ ሲል ደንበኛ ፊት አታሳፍሩት፤ ሄዳችሁ እዩ። ወላጆች፣ ልጃችሁን ጋራዥ ስታስገቡ የቀን አበሉን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያስተምረውና ሥራውን ማን እንደሚያይለት ጠይቁ። መኪና ያላችሁ ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» ማለትን ተዉ፤ ያ ለማጅ የጎረቤታችሁ ልጅ ነው፣ መንገዱ ላይ የሚሄደውም የእናንተው ልጅ ነው። ተማሪዎች፣ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወንዶችም ሴቶችም፣ የምትፈቱት ሁሉ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ ሳትጠይቁ አትሰሩት። መልስ ካላገኛችሁም መኪናው ትንሽ ይቁም። ቆሞ የዋለ መኪና ማንንም አይጎዳም።