ልጆቹም ለቅሶ ይቀመጡ

በእኛ ራያ ቆቦ ወረዳ፣ ጎብዬ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። አልቃሽ የሟቹን ስምና ሥራ እያነሳች ሰዉን ታስለቅሳለች። ለአዋቂው ይህን ያህል የተሟላ ሥርዓት ያለን ሰዎች ለሟቹ ልጆች ያዘጋጀነው ጎረቤት ቤት ወስዶ ማቆየት ብቻ ነው። «አባታችሁ ሩቅ አገር ሄዷል» እንላቸዋለን። የእናታቸውን ጩኸት ግን በአጥሩ በኩል ሰምተውታል።

ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ለልጆች የሚጽፉ ደራሲዎቻችን ልማዱን መከተላቸው ነው። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ በአብዛኛው ተረት ነው፤ ጦጣ ብልጥ፣ ጅብ ሆዳም፣ መጨረሻው ምክር። ተረትን አልንቅም፤ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በቴሌቪዥን ስንቱን ልጅ በተረት አሳድገዋል። ግን አባቱ የሞተበት የ11 ዓመት ልጅ የጅብ ሆዳምነት ምን ይፈይድለታል?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ካትሪን ፓተርሰን የልጇ ጓደኛ በመብረቅ ተመታ ስትሞት፣ ጓደኛው ስለሞተችበት ልጅ ልቦለድ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳተመች። በማግስቱ ዓመት ከአገሯ ታላላቅ የልጆች መጻሕፍት ሽልማቶች አንዱ የሆነው ኒውበሪ ተሰጠው። አንድ ሞት ነበር መነሻዋ። እኛ ጋ ቆቦ ከተማ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ገባባት፤ ጳጉሜን 4 ቀን በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚሁ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። የመድፍ ድምፅ ሰምቶ ያደረን ልጅ «እንዳይረበሽ» ብሎ ከመጽሐፍ ሐዘን መጠበቅ ምን ማለት ነው?

እኔ የምመኘው ልቦለድ ወንድምና እህት፣ አባት የጎደለበት ቤትና አባት ትቶት የሄደ ፈረስ ያለበት ነው። ፈረስ ያልኩት በምክንያት ነው። አገራችን ጀግናዋን በፈረሱ ስም ስትጠራ ኖራለች፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። በድሮው የጀግና ለቅሶ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ በለቅሶተኛው መሀል ይሳብ ነበር፤ ሰው ፈረሱን እያየ ያነባ ነበር። ለፈረስ ለቅሶ ላይ ቦታ ሰጥተን ለልጅ ነፈግነው።

ቆላ ነንና የኛው ፈረስ ጋሪ የሚጎትት ይሁን። ግን እንዳይናገር! በተረቶቻችን እንስሳ አፍ የሚያወጣው ለመምከር ነው፤ ይኼኛው ዝም ይበል፣ ልጅቷ ትናገር። ጠዋት የማሽላ አገዳ ልታቀርብለት ስትወጣ የጋሪው ገመድ አባቷ እንደቋጠረው ይሁን፤ መፍታቱን ትፍራ። ወንድሟ ገና በ12 ዓመቱ «ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» ተብሎ እንባው የታገደበት ልጅ ነው። ፈረሱ ይሸጥ ይበል፤ እሷ እምቢ ትበል፤ ይጣሉ፣ ክፉ ቃል ይነጋገሩ። ሐዘን ያለባቸው ልጆች ይጣላሉ፤ እኛ ግን «ጨዋ ሁኑ» እያልን እንቆጣቸዋለን። ደራሲው ለምክር ሲል በመጨረሻው ገጽ አቻኩሎ አያስታርቃቸው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ይገዛዋል? ወላጅ የሚገዛው ፊደል ማስቆጠሪያና ተረት ነው፣ ወረቀትም ተወዷል ይባላል። መወደዱ እውነት ነው። ሆኖም ለድንኳንና ለወንበር የሚያዋጣ እድር ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ጥቂት ቅጂ መግዛት አያቅተውም። ሐዘንተኛን ማጽናናት የቆመለት ሥራው ነው፤ ልጆቹም ሐዘንተኞች ናቸው።

«ጊዜው ገና ነው፣ ቁስሉ ይድረቅ» የሚሉም አሉ። በ2013 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ የነበረች አሁን አሥራዎቹ ውስጥ ገብታለች። ትንሽ ከቆየን የልጆች መጽሐፍ የሚያልፋት ትልቅ ሰው ትሆናለች፤ ያኔ የምንጽፍላት ለእሷ አይደርስም።