የጉዞውን ወጪ ማን ከፈለ?

ሕግ የሚያወጣ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ማየቱን የሚነቅፍ የለም። ዓለምን ያላየ እንደራሴ ስለ ዓለም ጉዳይ እንዴት ይመክራል? ነገር ግን የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የግብዣውን ሒሳብ የከፈለው ማን እንደ ሆነ፣ ከፋዩም በምክር ቤቱ ዘንድ ጉዳይ ያለው እንደ ሆነ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ዛሬ «የጥናት ጉዞ» የሚል የክብር ልብስ ለብሶ ይመጣልና።

ለዚህ የአሜሪካን ምክር ቤት ታሪክ መመልከት ይበቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንደራሴው ቦብ ኔይ በ2002 ጃክ አብራሞፍ ከተባለው ጉዳይ ገዳይ ጋር ጎልፍ ለመጫወት ወደ ስኮትላንድ ሄዱ፤ ነገሩ ከሌሎች ስጦታዎች ጋር ተደምሮ ኋላ ሁለቱንም ለእስራት አበቃቸው። ከዚህ ቅሌት በኋላ በ2007 ደንቡ ጠበቀ። በዚህ ደንብ መሠረት የእንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ወይም ሠራተኛ በግል ድርጅት ወጪ ሲጓዝ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በተመለሰ በ15 ቀን ውስጥም ከፋዩንና ወጪውን የሚገልጽ ወረቀት ለሕዝብ እንዲታይ ያስገባል። ጋባዡም በበኩሉ ስለ ገንዘቡ ምንጭ በፊርማው ያረጋግጣል።

በ2013 ዓሥር እንደራሴዎችና 32 ሠራተኞች ለስብሰባ ወደ ባኩ ተጓዙ። ከፋዮቹ በአሜሪካ የተቋቋሙ ማኅበራት ናቸው ተብሎ በወረቀት ቀረበ፤ ኮሚቴውም አምኖ ፈቀደ። በ2015 ግን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የምክር ቤቱን የምርመራ ሪፖርት አግኝቶ ምስጢሩን አወጣው። ለካ 750,000 ዶላር የመጣው ሶካር ከሚባለው የአዘርባይጃን መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ኖሯል! ኩባንያው ደግሞ በኢራን ላይ የተጣለው የአሜሪካ ማዕቀብ የካስፒያን ባሕር የጋዝ ሥራውን እንዳይነካበት ይፈልግ ነበር። እንደራሴዎቹ የገንዘቡን ምንጭ አላወቁም ተብሎ ኮሚቴው በነፃ አሰናበታቸው።

«ታዲያ ወረቀቱ ምን ፈየደ?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን ይህ ነው፤ ሐሰቱን የያዘው ያው ወረቀት ነው። በ2018 ከጋባዦቹ ማኅበራት የአንዱ መሪ በፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን ሲያምን፣ የተከሰሰበት ነገር ለኮሚቴው በሰጠው ቃል ላይ እውነተኛውን ከፋይ መደበቁ ነበር። ፊርማ ባይጠየቅ ኖሮ ማንም በቃል «አላውቅም» ብሎ በሄደ ነበር።

ስለ ሠራተኞቹም ዝም ማለት አይገባም። ረቂቁን የሚጽፈው፣ ማስታወሻውን የሚያዘጋጀው፣ ባለጉዳዩን ወደ ቢሮ የሚያስገባው ሠራተኛው ነው። መራጭ አያውቀውም፤ ጋባዥ ግን አሳምሮ ያውቀዋል። የአለቃው ስም ብቻ ቢጻፍና የእርሱ ቢቀር፣ በሩ ተዘግቶ መስኮቱ ክፍት እንደ ቀረ ይቈጠራል።

ጠባቂ ከሌለውም ደንብ ይሸረሸራል። በ2014 ኮሚቴው እነዚህ ጉዞዎች በየዓመቱ በሚሞላው የሀብት መግለጫ ላይ መጻፋቸው ድግግሞሽ ነው ብሎ አስቀራቸው። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ተቃውሞ በተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተሰረዘው ግዴታ ተመለሰ። የሕዝብ ዓይን ኃይሉ ይህን ያህል ነው።

ይህ የእንደራሴዎች ጣጣ ብቻ አለመሆኑን ተማሪ ሊዘነጋ አይገባውም። በ1967 ራምፓርትስ የተባለው መጽሔት የአሜሪካ ብሔራዊ የተማሪዎች ማኅበር ከስለላው ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. ለዓመታት በስውር ገንዘብ ይቀበል እንደ ነበረ አጋልጧል። ከማኅበሩ መሪዎች ጥቂቶቹ ምስጢሩን ያውቁ ነበር፤ ብዙዎቹ አባላት ግን ማን እንደሚከፍልላቸው ሳያውቁ ለነፃነት ይከራከሩ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሸንጎ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በማኅበሩ ስም የሚጓዝ ተወካይም ሆነ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ጋባዡን፣ የገንዘቡን ምንጭና ልክ ከመሄዱ በፊት ጽፎ ይፈርም፤ በተመለሰ በ15 ቀን ውስጥም ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መምህራኖቻችንም በሌላ ወጪ ለጉባኤ ሲሄዱ ይህንኑ ቢያደርጉ ለእኛ አርአያ ይሆኑናል። ንጹሕ ግብዣ በአደባባይ ቢነበብ የሚጎዳው የለም። እንዳይነበብበት የሚለምን ጋባዥ ቢኖር ግን፣ ትኬቱን ከመቀበል በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።