«ኪቦርዱ ነው» የሚባል ዑዝር የለም!



ዛሬ መጀመሪያ የምከሰው ራሴን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን አባት ታመው ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው ከመግሪብ በኋላ ደውሎ «ለጀመዓው ንገርልን፤ ዱዓ ያድርጉላቸው» አለኝ። በመስጂዳችን የቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ዒሻ ሊደርስ ስለነበር ተጣድፌ ስማቸውን ጻፍኩ። «አላህ» ብዬ ገና ቀጣዩን ቃል ሳልጀምር ኪቦርዱ አንድ ቃል አቀረበልኝ። ነካሁት፣ ላክሁት፣ ስልኬን ዘግቼ ሶፍ ገባሁ።

ከሶላት ስወጣ ስልኬ ባልተነሳ ጥሪ ተሞልቷል። «አላህ ያሽራቸው» ያልኩ መስሎኝ የላክሁት «አላህ ይዘንላቸው» ነበር! ጅዳ ያለችው ልጃቸው አባቷ የሞቱ መስሏት ስታለቅስ አምሽታለች። ጎረቤት ለተዕዚያ ቤታቸው በር ላይ ቆሟል። አባታችን ግን አልሐምዱሊላህ በሕይወት ነበሩ፤ ዛሬም ፈጅር ላይ ከፊተኛው ሶፍ አይጠፉም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ዐፉ በሉኝ አልኳቸው። «ኪቦርዱ ነው አባባ» ብዬም አስረዳሁ። ፈገግ ብለው «እሱስ ከማን ሰምቶ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ወላሂ መልስ አልነበረኝም።

ከማን ሰማ? ከእኔ! የሰፈሩን የጀናዛ ማስታወቂያ ለዓመታት የጻፍኩት በዚሁ ስልክ ነው። «አላህ» ካልኩ በኋላ ብዙ ጊዜ የማስከትለው «ይዘንላቸው» ነው። ቃል የሚገምት ኪቦርድ ሥራው ይኸው ነው፦ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው እንደሚበዛ ይይዛል፤ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የቃላት ክምችት ላይ የእኛን ልማድ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ይገምታል። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ አያውቅም።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደረሳ አንድ ሐርፍ አበላሽቶ ከለመደና ኡስታዙ ካላረመው፣ ስሕተቱ አብሮት ያረጃል። መድኃኒቱ ሉሑን አጥቦ እንደገና መጻፍ ነው። ስልካችንም ደረሳ ነው፤ ኡስታዙ እኛ ነን። ታዲያ ደረሳው ሲሳሳት ኡስታዙ «እሱ ነው!» ብሎ ጣቱን ቢቀስር አታፍሩበትም?

አንዳንድ ወንድሞች «የአማርኛ ኪቦርድ አይረባም፤ በላቲን መጻፍ ይሻላል» ይላሉ። ይህ ከችግር ወደ ባሰ ችግር መሸሽ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በስልክ እንደ ልብ ይጻፋል። ለኪቦርድ አማርኛ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። አንድ ግሥ «መጣ» ብሎ ይጀምርና «አልመጣችሁም»፣ «ስለሚመጡ»፣ «እንዳይመጣበት» እያለ ይረባል፤ ማሽኑ ሁሉንም ይዞ አይጨርስም። ግን በላቲን «ሶላት» ብሎ ጽፎ የእንግሊዝኛው ማረሚያ «ሰላጣ» ያደረገበት ስንት ሰው አለ! «ወደ ሰላጣ እየሄድኩ ነው» ብሎ የላከ ሰው ስለ አማርኛ ኪቦርድ ቢያማ ማን ይሰማዋል?

ደግሞ እኛው ራሳችን ኪቦርዱን ግራ እናጋባለን። አንዱ «ጁምዓ»፣ አንዱ «ጁሙዓ»፣ አንዱ «ጁማ» ይላል። አንድ ሰው ራሱ ጠዋት «ሰላት» ብሎ ማታ «ሶላት» ይጽፋል። በዚህ ላይ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ለአንድ ቃል አራት መልክ ያስተማረ ሰው፣ ኪቦርዱ አምስተኛ ሲፈጥርበት ለምን ይገረማል? ቢያንስ በገዛ ስልክህ አንዱን መርጠህ ጽና።

«ችግር የለም፣ ከሐሳቡ ይረዱታል» የሚልም አለ። ጅዳ ያለችው እህት ከሐሳቡ ተረዳች? ከሀገር የራቀ ሰው የሚያየው የላክንለትን ፊደል ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የጣት ወለምታማ በስክሪንሹት ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ከሌላ የመጣውን ማጣራት ግዴታችን ከሆነ፣ ከራሳችን ጣት የሚወጣውንስ?

እንግዲህ ወደ ሥራው። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለውን ጂቦርድን ልውሰድ፤ የአንዳንዱ ምርጫ ቦታ እንደ ስልኩ ሊለያይ ይችላል።

1ኛ፦ የኪቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ከቋንቋዎች አማርኛን ጨምር። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ እየጻፍክ አትማረር።

2ኛ፦ የተሳሳተ ቃል ከላይ ሲመጣ ዝም ብለህ አትለፈው። ቃሉን ተጭነህ ያዝ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ሲታይህ ወደዚያ ጎትተህ ጣለው።

3ኛ፦ መዝገበ ቃላት በሚለው ውስጥ የግል መዝገብ አለ። የቤተሰብህን፣ የመስጂድህን፣ የሰፈርህን ስም አንድ ጊዜ በትክክል አስገባ። አጭር ምልክትም መስጠት ትችላለህ። የነቢያችንን ስም ስንጽፍ «ሰ.ዐ.ወ» እያልን ሶለዋቱን የምንቆርጠው ለምንድን ነው? «ሰዐወ» ስትል «ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» ሙሉውን እንዲያቀርብልህ አድርገው። ስንፍናችንን ወደ አጅር መቀየር ማለት ይህ ነው።

4ኛ፦ ቃል በራሱ የሚለውጥብህ ከሆነ ጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ገብተህ ራስ ሰር እርማቱን አጥፋ። ይህ ግን እኔን አያድነኝም ነበር፤ እኔ የተሳሳትኩት የቀረበልኝን በገዛ ጣቴ ነክቼ ነው። እንደ እኔ ዓይነቱ ቀጣይ ቃል መገመቱንም ያጥፋ።

5ኛ፦ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ ሉሑን እጠበው። የተማራቸውን ቃላት በሙሉ የሚሰርዝ ምርጫ አለ። አይፎን የያዝክ ደግሞ፣ የኪቦርዱን መዝገበ ቃላት ዳግም ማስጀመሪያው ጀነራል ውስጥ ሪሴት በሚለው ስር ነው። ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ እንደ አዲስ አስተምረው።

ይህ ሁሉ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ለአንድ ቪዲዮ ከዚያ የበለጠ እንሰጣለን።

ይህን ሁሉ አድርገህም ኪቦርዱ መሳሳቱ አይቀርም፤ ግምት ግምት ነው። ስለዚህ የሞት ወይም የሕመም ዜና፣ የሰው ስም፣ የሰዓትና የገንዘብ ቁጥር ያለበትን መልእክት ሳታነብ አትላክ። እኔ አሁን ማስታወቂያ ከመለጠፌ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። አጠገቤ ያሉት ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

መላኪያዋን የሚጫነው ጣት የእኛ ነው፤ ተጠያቂነቱም የእኛው። የተሳሳተ ነገር ከላክንም «ኪቦርዱ ነው» ማለቱን ትተን «ተሳስቻለሁ፣ ዐፉ በሉኝ» እንበል። አስተካክለን እንደገና እንላክ።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን።